ስሙ ያልታወቀ ዝንጉርጉር ቁጥቋጦ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ ቤት የገባ ሰው ከግቢው ጋር ስሙን የማያውቀው ቁጥቋጦ ይረከባል። ቅጠሉ አረንጓዴና ነጭ፣ ወይም አረንጓዴና ቢጫ ነው። ያምራል። ማን ተከለው፣ ምን ይባላል ቢሉ ግን የሚመልስ የለም። ስም ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ስሙ ከታወቀ ምን ያህል እንደሚያድግ፣ መቼ እንደሚገረዝ፣ ለልጅና ለእንስሳ አደገኛ መሆን አለመሆኑ አብሮ ይታወቃል። ስለዚህ ጉዳይ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን ከነመልሱ እነሆ።

ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ ዳር ዳሩ ነጭ የሆነ ቁጥቋጦ አለኝ። ምንድን ነው?

በዚህ ብቻ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም። በዘር የማይገናኙ በርካታ ቁጥቋጦዎች ዳሩ ነጭ የሆነ ቅጠል አላቸው። አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ ሰዎች ሁሉ የአንድ እናት ልጆች አይደሉም። ቀለሙም እንደዚያው ልብስ ነው።

የብዙ ሰው ፍለጋ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ኢንተርኔት ላይ «ነጭና አረንጓዴ ቅጠል ያለው ቁጥቋጦ» ብለው ይፈልጋሉ። ከሚመጣው የፎቶ ብዛት የተነሳ ዓይናቸው አዋጅ ይሆንባቸዋል። በመጨረሻ የሚቀራረበውን አንዱን መርጠው «ይኼው ነው» ይላሉ። እኔ የምመክረው የተገላቢጦሹን ነው። ለጊዜው ቀለሙን እርሱት። ይህ ቅጠል ድፍን አረንጓዴ ቢሆን ኖሮ ምን ይመስል ነበር ብላችሁ ተመልከቱት። ስሙ ያለው ከቀለሙ ሥር ነው።

ቀለሙን ከተውኩት ታዲያ ከምን ልጀምር?

ቅጠሎቹ ቅርንጫፉ ላይ ከተቀመጡበት አኳኋን ጀምሩ። አንድ ጤነኛ ቅርንጫፍ ያዙና ቅጠል የሚወጣበትን አንጓ እዩ። ከአንድ አንጓ ሁለት ቅጠሎች ፊት ለፊት፣ አንዱ በግራ ሌላው በቀኝ ወጥተዋል? ወይስ ከእያንዳንዱ አንጓ አንድ ቅጠል ብቻ እየወጣ ቅጠሎቹ ተራ በተራ ይፈራረቃሉ? ወይስ ሦስትና ከዚያ በላይ ሆነው ግንዱን እንደ ቀለበት ከበውታል?

ይህን አንድ ነገር በትክክል ካያችሁ ከተጠርጣሪዎቹ ገሚሱ ይወድቃሉ። ፊት ለፊት የሚያወጣ ወገን በአብዛኛው ሁልጊዜ ፊት ለፊት ነው የሚያወጣው። አፈሩ ቢለወጥ፣ ጥላ ቢበዛ፣ ቀለሙ ቢጠፋ ይህ አይለወጥም።

ሁለት ቦታ ላይ ግን ተጠንቀቁ። የቅርንጫፉን ጫፍ ብቻ አትዩ። ጫፍ ላይ አንጓዎቹ ስለሚጠጋጉ ተፈራራቂ ቅጠሎች ክብ ሠርተው የወጡ ይመስላሉ። ወደ መሃል ወረድ በሉ። ሁለተኛው፣ አንድ ቅጠል ከረገፈ ጎረቤቱ ብቻውን ስለሚቀር ዓይን ይሳሳታል። የረገፈው ቅጠል ግን ጠባሳ ትቶ ይሄዳል፤ ጠባሳውን ፈልጉት።

ከዚያ ወደ ቅጠሉ ኑ። ዳሩ ለስላሳ ነው ወይስ እንደ መጋዝ ጥርስ አለው? ጅማቶቹ ቀጥ ብለው ወደ ዳር ይሄዳሉ ወይስ ወደ ጫፉ ይታጠፋሉ? ቅጠሉን ገልብጡት፤ ጀርባው ምን ይመስላል? በጣታችሁ አሸት አድርጋችሁ አሽትቱት። ስትቀነጥሱት ነጭ ወተት ይወጣዋል? ለጋው ቅርንጫፍ አረንጓዴ፣ ቀይ ወይስ ጥቁር ነው? ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፉት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ቅጠሎቹ ፊት ለፊት ናቸው። እነማን ሊሆኑ ይችላሉ?

በአትክልት ቦታ ከሚገኙት ዝንጉርጉር ቁጥቋጦዎች ብዙዎቹ እዚህ ይመደባሉ።

ቅጠሉ ወፈር ያለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ዳሩ ላይ ደብዘዝ ያሉ ጥርሶች ያሉት፣ ለጋ ቅርንጫፉም አረንጓዴ ከሆነ መጀመሪያ የጃፓን ኢዩኒመስን ጠርጥሩ። በአጥርነትም በብዛት ይተከላል። ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን አያረግፍም። ፍሬው ሲበስል ሮዝ መልክ ያለው ልባሱ ይከፈትና ብርቱካናማ ነገር የለበሰ ዘር ያሳያል። መሬት ለመሬት የሚሄድ፣ ቅጠሉ አነስ ያለ፣ ሲበርደው ነጩ ዳር ወደ ሮዝ የሚያደላ ከሆነ ደግሞ ወንድሙ ኢዩኒመስ ፎርቹኒ ነው።

ቅርጹ ይመሳሰልና ቅጠሉ ቀጠን ያለ፣ ዳሩም ምንም ጥርስ የሌለው ከሆነ ሊገስትረም ሊሆን ይችላል። ሰዎች ሁለቱን ሁልጊዜ ያምታታሉ። ጥፍራችሁን በቅጠሉ ዳር ላይ አስኪዱት፤ ኢዩኒመስ ይቆረቁራል፣ ሊገስትረም ይሾልካል። ሊገስትረም ካበበ ደግሞ ክርክሩ አለቀ። ጥቃቅን ነጭ አበቦቹ በዘለላ ይወጣሉ፤ ሽታቸው ከሩቅ ይመጣል።

ቅጠሉ ትልቅ፣ አንዳንዴ የእጅ መዳፍ የሚያህል፣ በጥቁር አረንጓዴው ላይ ቢጫ ቀለም የተረጨበት የሚመስል ከሆነ አኩባ ነው። ግንዱ ወፍራምና አረንጓዴ ነው። ጥላ ይወዳል። ኃይለኛ ፀሐይ ካገኘው ቅጠሉ የተቃጠለ ያህል ይጠቁራል።

ኮርነስ ለብቻው የሚነገር ነው፤ ማንም ሰው እቤቱ ሊሠራው የሚችል ፈተና አለውና። ጅማቶቹ ከመሃል ተነስተው በቅጠሉ ዳር በኩል ወደ ጫፉ ይታጠፋሉ። አንድ ቅጠል ቅጠፉና በሁለት እጃችሁ ያዙት። ከመሃሉ ወደ ጎን ቀስ አድርጋችሁ በጥሱት፤ ግን አታላቁት። ሁለቱን ግማሾች በጥቂት ሚሊሜትር አራርቋቸው። እንደ ሸረሪት ድር የቀጠኑ ነጭ ክሮች በመካከላቸው ተወጥረው ታያላችሁ። የታችኛው ግማሽ በእነዚህ ክሮች ብቻ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ክሮቹ ውሃ በሚያስተላልፉት ቧንቧዎች ግድግዳ ላይ እንደ ስፕሪንግ የተጠመጠሙ ማጠናከሪያዎች ናቸው። ሲጎተቱ ይተረተራሉ። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ሁለተኛና ሦስተኛ ቅጠል ሳይበጥስ አይቆምም። በአትክልት ቦታ በብዛት የሚተከለው ነጭ ዳር ያለው ዓይነት ኮርነስ አልባ «ኤሌጋንቲሲማ» ይባላል። ቅጠሉን ሲያረግፍ ቀያይ ቅርንጫፎቹ ብቻቸውን ቆመው ይታያሉ።

ዋይጌላ ቅጠሉ ጥርስ ያለውና የሚያረግፍ ነው፤ አበባው ሮዝ ሆኖ የመለከት ቅርጽ አለው። ሞቃት በሆነ ቦታ ከሆናችሁ ደግሞ ዱራንታን አትርሱ። ለጋ ቅርንጫፉ አራት ማዕዘን ቢጤ ነው፣ አንዳንዴ እሾህ አለው። ሐምራዊ አበቦቹ ተንጠልጥለው ይወጣሉ፤ ፍሬዎቹ እንደ ወርቃማ ዶቃ በዘለላ ይንጠለጠላሉ።

የእኔ ቅጠሎች ተራ በተራ ነው የሚወጡት። እነዚህስ?

መጀመሪያ ቅጠሉን ገልብጡት። ጀርባው ብር የተነሰነሰበት ከመሰለ፣ በብሩ ላይም ቡናማ ነጠብጣብ ካለ፣ ኢሊያግነስ አግኝታችኋል። በማጉያ መነጽር ሲታይ ነጠብጣቡ ጥቃቅን ቅርፊት ነው። ለጋው ቅርንጫፍም በዚያው ቡናማ ቅርፊት ስለሚሸፈን የዛገ ሽቦ ይመስላል። በጥፍር ሲፋቅ ይለቃል። አበባው ትንሽና ወደ ክሬም የሚያደላ ነው፤ ብዙ ሰው ሳያየው ሽታው ይቀድመዋል። ይህን ጀርባ አንዴ ያየ ሰው ኢሊያግነስን ከሌላ ጋር አያምታታም።

ቅርንጫፉ ጥቁር፣ ቅጠሉ ትንሽና ቀጭን፣ ዳሩም እንደ ጨርቅ ጠርዝ የሚሞገድ ከሆነ ፒቶስፖረም ቴኑይፎሊየም ነው። አገሩ ኒውዚላንድ ነው። የምሥራቅ እስያው ዘመዱ ፒቶስፖረም ቶቢራ ቅጠሉ ወፍራምና ጫፉ ክብ ነው። ቅጠሎቹ ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ እንደ ጽጌረዳ አበባ ተሰብስበው ይቀመጣሉ። አበባው የብርቱካን አበባ ሽታ አለው። ሁለቱም የፒቶስፖረም ዘሮች በሚያጣብቅ ነገር የተለወሱ ናቸው፤ የወገኑ ስም ራሱ ከግሪክኛ «ቅጥራን» እና «ዘር» ከሚሉ ቃላት የመጣ ነው።

ራምነስ አላተርነስ የሚባል የሜዲትራኒያን ቁጥቋጦ አለ። ነጭ ዳር ያለው ዓይነቱ ከሩቅ ፒቶስፖረምም ኢዩኒመስም ይመስላል። ቅጠሉ ትንሽ ጥርስ አለው፤ ይህ ከፒቶስፖረም ይለየዋል። ተራ በተራ ይወጣል፤ ይህ ከኢዩኒመስ ይለየዋል። ብዙ ግቢ ውስጥ በሌላ ስም የሚኖር ተክል ነው።

ሞቃት አየር ከሚወዱት መካከል ክሮተን ቆዳ መሰል ወፍራም ቅጠል አለው። ቢጫ፣ ቀይና ብርቱካናማ አንድ ቅጠል ላይ ይደባለቁበታል። አካሊፋ ቅጠሉ ሳሳ ያለና በግልጽ ጥርስ ያለው ነው፤ አበባው እንደ ጭራ ረዘም ብሎ ይወጣል። ብሬይኒያ ቅርንጫፉ ወዲያና ወዲህ እየተሰበረ ይሄዳል። ክብ ክብ ቅጠሎቹ በሁለት ረድፍ ተሰልፈው ነጭና ሮዝ ይረጭባቸዋል። ዝንጉርጉሩ ሂቢስከስ ደግሞ ካበበ ራሱን ይናገራል። ካላበበ ቅርንጫፉን ሰበር አድርጉት፤ ልጡ ጠንካራ ቃጫ ስላለው ተልጦ ይንጠለጠላል እንጂ በቀላሉ አይበጠስም።

ሲቀነጥሱት ነጭ ወተት ከወጣው፣ ጫፉ ላይ ሹል ሽፋን ካለው፣ ሽፋኑ ሲወድቅም ግንዱ ላይ ቀለበት መሰል ምልክት ከቀረ የፊከስ ወገን ነው።

ቅጠሉ እሾሃማ ነው። ሆሊ ነው አይደል?

አይቸኩሉ። ሆሊም ኦስማንተስም እሾሃማ ዝንጉርጉር ቅጠል አላቸው፤ ፎቶ ላይ መንትያ ናቸው። ልዩነቱን የሚነግራችሁ አንጓው ነው። ተራ በተራ ከሆነ ሆሊ፣ ፊት ለፊት ከሆነ ኦስማንተስ። አለቀ። በሁለቱም ዘንድ ያረጀ ተክል የላይኛው ቅጠሉ እሾሁን ሊጥል ስለሚችል እሾህ መኖር አለመኖሩ ብቻውን ምንም አይለይም።

ስለ ሆሊ አንድ ነገር ልጨምር። ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ናቸው፤ ፍሬ የምታወጣው ሴቷ ብቻ ናት። «ጎልደን ኪንግ»፣ ማለትም ወርቃማው ንጉሥ የሚባለው ዓይነት ሴት ነው፤ ያፈራል። «ሲልቨር ክዊን»፣ የብር ንግሥቷ፣ ደግሞ ወንድ ነው፤ አያፈራም። ስሙን አይተው ፍሬ የጠበቁ ሰዎች ተክሉ የታመመ መስሏቸው ይጨነቃሉ። ተክሉ ደህና ነው።

ቅጠሎቹ ሦስት ሦስት ሆነው ቀለበት ሠርተዋል። እንደ ጣት የተዘረጉም አሉ።

ሦስት ሦስት እየሆኑ የሚወጡ፣ ረዘም ጠበብ ያሉ፣ ቆዳ መሰል ቅጠሎች ከሆኑ ኦሊያንደር ሊሆን ይችላል። ስሙን እስክታረጋግጡ ድረስ አትቀንጥሱት፣ ቅርንጫፉንም አታቃጥሉት። ምክንያቱን ከታች እመለስበታለሁ።

እንደ ጣት ተዘርግተው ከአንድ ነጥብ የሚወጡት ግን ብዙ ቅጠሎች አይደሉም፤ አንድ ቅጠል ናቸው። ለማረጋገጥ ቡቃያውን ፈልጉ። ቡቃያ የሚቀመጠው የሙሉው ቅጠል ዘንግ ግንዱን በሚነካበት ቦታ ነው። «ጣቶቹ» ሥር ቡቃያ አታገኙም። በአብዛኛው ከ7 እስከ 9 ጣት ያለው ዝንጉርጉር ቁጥቋጦ ሼፍሌራ ነው።

ነጩ መሃሉ ላይ ነው ወይስ ዳሩ ላይ፣ ለውጥ ያመጣል?

ለዝርያው ስም አያመጣም፤ ከዝርያው ውስጥ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ ግን ያመጣል። ለምሳሌ ኢሊያግነስ ኢቢንጌ ውስጥ «ላይምላይት» ቢጫው መሃሉ ላይ ነው፤ «ጊልት ኤጅ» ዳሩ ላይ ነው። ቀለም ወደ ጨዋታው የሚገባው እዚህ ደረጃ ላይ ስትደርሱ ነው። ነጭ፣ ክሬምና ቢጫንም ለዩ። አዲስ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ወጥቶ ሲጠነክር ወደ ክሬም ሊሄድ ስለሚችል ሁለቱንም ዕድሜ እዩ።

ቅጠሉ የተዘነጎረው ታሞ ይሆን?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አንዳንዴ አዎ። እኔ የምከተለው መንገድ ይህ ነው። በተፈጥሮ ዝንጉርጉር የሆነ ተክል ከታች እስከ ላይ፣ ከአሮጌ እስከ ለጋ፣ ሁሉም ቅጠሉ ተመሳሳይ ሥርዓት ይከተላል። ዳሩ ነጭ ከሆነ ሁሉም ዳሩ ነጭ ነው። በቀለሞቹ መካከል ያለው ድንበርም ጥርት ያለ ነው። ቅጠሉ ትንሽ ሊጣመም ቢችልም አይጨማደድም።

በሽታና ረሃብ እንዲህ አይደሉም። ለጋ ቅጠሎች ብቻ ቢጫ ሆነው ጅማቶቹ አረንጓዴ ከቀሩ የብረት እጥረት ነው። አፈሩ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ሲሆን ብረቱ እያለ ሥሩ ሊወስደው አይችልም። ተመሳሳዩ ነገር በታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ከጀመረ ማግኒዚየም ነው የጎደለው። ቅጠሉ ላይ እባብ የሄደበት የሚመስል ጥምዝምዝ ነጭ መስመር ካለ ውስጡን የምትበላ ትል አለች። በመርፌ የተወጋ የሚመስል ጥቃቅን ነጥብ ሞልቶት ጀርባው ላይ ቀጭን ድር ካለ ቀይ ሸረሪት ነው። ሥርዓት የሌለው ቢጫ ልጥፍጥፍ ከተጨማደደ ቅጠል ጋር ከመጣ ደግሞ ቫይረስ ጠርጥሩ።

ተክል ጤነኛ ሆኖ እንዴት ዝንጉርጉር ይሆናል?

ቅጠል አረንጓዴ የሚሆነው በክሎሮፊል ነው። ነጩ ቦታ ክሎሮፊል መሥራት ያልቻሉ ሴሎች ያሉበት ነው። ክሎሮፊል ጠፍቶ ካሮቲን መሰል ቀለሞች ከቀሩ ቢጫ ይሆናል።

አሁን የቅርንጫፉን ጫፍ አስቡት። አዲስ ቅጠል የሚወለድበት ያ ትንሽ ጉብታ በአብዛኛው ሦስት የሴል ድርብ አለው፤ አንዱ በአንዱ ላይ እንደ ሦስት ጓንት ተደርቧል። እያንዳንዱ ድርብ የራሱን ወገን ብቻ ያባዛል። ከውጭ ሲቆጠር ሁለተኛው ድርብ ነጭ፣ ሦስተኛው አረንጓዴ ቢሆን ምን ይሆናል? የቅጠሉ ዳር በዋናነት ከሁለተኛው ድርብ ስለሚሠራ ነጭ ይሆናል፤ መሃሉ ሦስተኛው ስላለበት አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። እንዲህ በዘር የሚለያዩ ሴሎች አንድ ላይ የሚኖሩበት ተክል ካይሜራ ይባላል። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኤርቪን ባውር ይህን የድርብ ነገር ፔላርጎንየም በሚባል ነጭ ዳር ባለው የአበባ ተክል ላይ አጥንቶ ያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው።

ሁሉም ግን ካይሜራ አይደለም። አንዳንዶቹ ቅጠሎች ከላይኛው ቆዳ ሥር አየር ስለያዙ ብርማ ነጠብጣብ ያሳያሉ። አቡቲሎን በሚባለው ቁጥቋጦ ላይ የሚታየው ቢጫ ሞዛይክ ደግሞ የለየለት ቫይረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ከካሪቢያን ደሴቶች ወደ እንግሊዝ ከመጡ አረንጓዴ ተክሎች መካከል አንዱ ተዘንጉሮ ተገኘ። ሰዎች ውበቱን ወደዱት፤ እየቆረጡም አባዙት። ቫይረሱ በተፈጥሮ የሚተላለፈው በነጭ ዝንብ ነው። ስለዚህ ቅጠሉ እንደ ሜፕል የተከፋፈለ፣ አበባው እንደ ደወል የተንጠለጠለ፣ ቢጫው ሥርዓት የሌለው ቁጥቋጦ ካላችሁ አትደንግጡ፤ የታወቀ ተክል ነው።

አንዱ ቅርንጫፍ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ሆነብኝ። ምን ላድርግ?

ነብር ዝንጉርጉርነቱን አይለውጥም ይባላል። ቁጥቋጦ ግን ይለውጣል። ከድርቦቹ አንዱ ሌላውን ሲያሸንፍ ድፍን አረንጓዴ ቅርንጫፍ ይወጣል። ይህ ቅርንጫፍ ሙሉ ክሎሮፊል ስላለው ከወንድሞቹ የበለጠ ምግብ ይሠራል፣ በፍጥነትም ያድጋል። ዝም ከተባለ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዝንጉርጉሩን ውጦ ግቢውን ይወርሳል።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። እንዳያችሁት ከመነሻው፣ ዝንጉርጉር ቅጠል እስካለበት ድረስ ወርዳችሁ ቁረጡት። ጫፉን ብቻ ብትከረክሙ ከሥሩ ሌላ አረንጓዴ ይወጣል።

ከመጣላችሁ በፊት ግን ያን ቅርንጫፍ በደንብ እዩት፤ ፎቶም አንሱት። ለመለየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ቀለሙን ተዉት ስል የነበረውን ተክሉ ራሱ ሠርቶላችኋል። የዝርያውን እውነተኛ ቅጠል፣ እውነተኛ መጠንና ቅርጽ ይዟል። ቅጠሉ ከዝንጉርጉሮቹ ሰፋ ብሎ ብታገኙትም አትገረሙ፤ ነጩ ክፍል በአብዛኛው እኩል ስለማያድግ ቅጠሉን ያጣምመዋል። አንድ ጊዜ ለሳምንታት ስሙ ጠፍቶኝ የቆየ ቁጥቋጦ ውስጡ ተደብቆ የነበረ አረንጓዴ ቅርንጫፍ ሳገኝ ወዲያው ተለየልኝ። ሊገስትረም ነበር።

ድፍን ነጭ ቅርንጫፍስ?

ያምራል፤ ግን ምግብ አይሠራም። ከእናቱ እየወሰደ ነው የሚኖረው። ቆርጣችሁ ብትተክሉት አይጸድቅም።

አበባ እስኪያወጣ መጠበቅ አለብኝ?

ግዴታ አይደለም፤ ካበበ ግን ትልቅ ዕድል ነው። ቅጠል ሊያሳስት ይችላል፤ አበባ እምብዛም አያሳስትም። የአበባውን ቅጠሎች ብዛት፣ ቅርጹንና ሽታውን ጻፉ። ፍሬም እንደዚያው ነው።

ፍሬ ባለመኖሩ ግን ምንም አትደምድሙ። የአኩባን ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1783 ጆን ግሬፈር የተባለ አትክልተኛ ነጠብጣብ ቅጠል ያለውን አኩባ ወደ እንግሊዝ አስገባ። ሴት ነበረች። ያኔ በአውሮፓ ወንድ ስላልነበረ፣ እየተቆረጠች በየአትክልቱ ብትባዛም ፍሬ የሚባል አላየችም። ዕፅዋት ሰብሳቢው ሮበርት ፎርቹን ከጃፓን ወንዱን ያመጣው ከሰማንያ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ቀያዮቹ ፍሬዎች መጡ። የእናንተም አኩባ ካላፈራች ወይ ወንድ ነው፣ ወይ ብቻዋን ናት።

የስልክ መተግበሪያ አይነግረኝም?

ይረዳል። ፕላንትኔት፣ አይናቹራሊስትና ጉግል ሌንስ ጥሩ መነሻ ይሰጣሉ። ዝንጉርጉር ተክል ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ፤ እነሱም እንደ ሰው ቀለሙ ይስባቸዋል። የሚሰጧችሁን ስም እንደ ጥርጣሬ ያዙት፤ ከዚያ አንጓውን፣ ዳሩንና ጀርባውን አመሳክሩ። መተግበሪያው ኢዩኒመስ ብሎ ቅጠላችሁ ተራ በተራ ከሆነ የተሳሳተው መተግበሪያው ነው።

ለሰውም ለማሽንም የምትልኩት ፎቶ ግን ከአንድ በላይ ይሁን። ሙሉውን ቁጥቋጦ ከራቅ ብላችሁ አንሱ። ቅጠልና አንጓ አብረው የሚታዩበትን አንድ ቅርንጫፍ ከቅርብ አንሱ። ቅጠሉን ከፊትም ከጀርባም አንሱ። ጎኑ ላይ ማስመሪያ ወይም ሳንቲም ይቀመጥ፤ ፎቶ ላይ አሥር ሳንቲሜትርና ሁለት ሳንቲሜትር አይለዩም። የቀትር ፀሐይ ነጩን ያነጣዋል፤ ደመና ያለበት ሰዓት ይሻላል። እንጨት የሆነው የግንዱ ሥርም ይታይ። ብዙ ሰው የሚልከው ግን አንድ የተቀጠፈ ቅጠል ነው፤ ቅጠሉ ከተቀጠፈ ደግሞ ዋናው ማስረጃ ቅርንጫፉ ላይ ቀርቷል።

በአቅራቢያችሁ የዕፅዋት ማዕከል ካለ በጋዜጣ መሃል ተጭኖ የደረቀ ቅርንጫፍ መውሰድ ይቻላል። ቀለሙን፣ ሽታውንና ቁመቱን አብራችሁ ጻፉ፤ ሲደርቅ የሚጠፉት እነዚህ ናቸው።

ዘሩን ብዘራው ያው ዝንጉርጉር ይወጣል?

በአብዛኛው አይወጣም። ዘር የሚሠራው ከሦስቱ ድርቦች ከሁለተኛው ብቻ ነው። ስለዚህ ችግኙ ወይ ድፍን አረንጓዴ ይሆናል፣ ወይ ድፍን ነጭ ሆኖ በዘሩ ውስጥ ያለው ስንቅ ሲያልቅ ይሞታል። ሦስቱን ድርብ አንድ ላይ የሚያሻግረው ቅርንጫፍ ቆርጦ ማጽደቅ ነው። ለዚህም ቀለሙ የተመጣጠነ ቅርንጫፍ ምረጡ። ከሥር ቁራጭ ማብቀልም አይሆንም፤ ከሥር የሚወጣው ቡቃያ ከውስጠኛው ድርብ ስለሚነሳ ዝንጉርጉርነቱን ይጥላል።

ስሙን እስካውቅ ድረስ መርዛማ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ስጋታችሁ ተገቢ ነው። ስሙ እስኪታወቅ ድረስ መርዛማ እንደሆነ ቁጠሩት። ለመለየት ብላችሁ ቅጠልም ፍሬም አትቅመሱ።

ከላይ የጠቀስኳቸው ብዙዎቹ ጉዳት አላቸው። ኦሊያንደር ከሥር እስከ አበባው መርዝ ነው፤ የልብን ምት የሚያዛባ ነገር አለው፣ ጭሱም ይጎዳል። የዱራንታ ፍሬ ለልጆች ዓይን የሚያጓጓ ቢሆንም መርዛማ ነው። የሊገስትረም፣ የሆሊና የኢዩኒመስ ፍሬዎችም አይበሉም። የክሮተንና የፊከስ ፈሳሽ ቆዳን ያስቆጣል። ስትቆርጡ ጓንት አድርጉ፤ ዓይናችሁን በዚያ እጅ አትንኩ። ልጅ ወይም እንስሳ ከበላው ስሙን ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ፤ አንድ ቅርንጫፍ ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ዝርያውን አወቅሁ። የዓይነቱን ስምስ በእርግጠኝነት ላውቅ እችላለሁ?

አንዳንዴ። አንድ ዝርያ ውስጥ ሰዎች መርጠው ስም የሰጧቸው ብዙ ዓይነቶች አሉ፤ የብዙዎቹ ልዩነት የክሬሙ መጠን ብቻ ነው። ጥላ ውስጥ ያደገው ደግሞ ፀሐይ ላይ ካደገው ተለይቶ ይታያል። አሮጌ መለያ ወረቀት አፈር ውስጥ ተቀብሮ ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ካልሆነ በዝርያው ስም መርካት ነውር የለውም። ለእንክብካቤው የሚያስፈልጋችሁ እሱ ነው።

ስሙን ሳላውቅ ልገርዘው?

የደረቀውን፣ የተሰበረውንና ወደ አረንጓዴ የተመለሰውን በማንኛውም ጊዜ ቁረጡ። ጠለቅ ያለውን ግርዛት ግን አንድ ዓመት አቆዩት። በዚያ ዓመት መቼ እንደሚያብብ፣ ቅጠሉን እንደሚያረግፍና እንደማያረግፍ፣ ፍሬው ምን እንደሚመስል ታያላችሁ። አንዳንዱ ቁጥቋጦ የሚያብበው ባለፈው ዓመት ባደገ ቅርንጫፍ ላይ ነው። ዋይጌላ አንዱ ነው። ሳያብብ ከገረዛችሁት የዓመቱን አበባ ቆርጣችሁ ጣላችሁ ማለት ነው።